የእንግሊዝኛው "አርጊው" ማለት መጣላት ነው ወይስ መሞገት? የወንድሜን መልስ አይቼ ግራ ገባኝ

ሰሚራ_ቆጪ · ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ማታ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ እንግሊዝኛ አብሬው አነባለሁ።

ትናንት አንድ የመለማመጃ ምንባብ ሠራን። ስለ ጫካ ቡና ነው። ጸሐፊው የጥላ ዛፍ መቆረጥ የለበትም ይላል። ዋንዛውና ብርብራው ከተቆረጠ ቡናውን ፀሐይ ይመታዋል፣ አፈሩንም ዝናብ ያጥበዋል እያለ ያስረዳል። መሀል ላይ "ዘ ኦተር አርጊውስ ዛት" የሚል አለ። ከሥር ጥያቄ መጣ። ጸሐፊው ምን እያደረገ ነው? ወንድሜ "ከገበሬዎቹ ጋር ተጣልቷል" የሚለውን መረጠ። ስህተት ነው።

ለምን መረጥከው አልኩት። "አርጊው ማለት መጨቃጨቅ አይደል እንዴ?" አለኝ። መዝገበ ቃላት አወጣን። "ተከራከረ፣ ተጨቃጨቀ" ብሎ ዝም ይላል። እንግዲህ ልጁ መዝገበ ቃላቱ ያለውን ነው ያለው። እኔ ደግሞ መልሱ ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ላስረዳው አልቻልኩም። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

በምንድን ነው የሚለየው? ለ"አርጊውስ ዛት" የሚሆን የአማርኛ ቃልስ አለን? የምታውቁ እባካችሁ።

ናቲ_አጂፕ · ሰኞ ማታ 2፡31

ሁለቱም ትርጉም ልክ ነው። እንደ ዓረፍተ ነገሩ ይለያያል።

ሰሚራ_ቆጪ · ሰኞ ማታ 2፡34

እሱንማ አወቅኩ ወንድሜ። ዓረፍተ ነገሩ ላይ ምን አይቶ እንደሚለየው ነው የቸገረኝ። ፈተናው ላይ ሲቀመጥ እኔ አጠገቡ የለሁም።

ጡረተኛው_መምህር · ሰኞ ማታ 3፡20

ልጄ ሰሚራ፣ 31 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ይህ ስህተት በየዓመቱ ይገጥመኝ ነበር። ጎበዝ ተማሪዎችም ይሳሳቱታል። ስለዚህ ወንድምሽን አትቆጪው።

መጀመሪያ ወንድምሽ ዓይኑን ከ"አርጊው" ላይ ያንሳ። ከኋላው የሚመጣውን ቃል ይይ። "አርጊው" ብቻውን ብዙም አይናገርም፣ ሚስጥሩን የሚያወጣው ጎረቤቱ ነው። ከኋላው "ዊዝ" ከመጣ ቀጥሎ ሰው ይመጣል። ከእናቱ ጋር፣ ከጎረቤቱ ጋር፣ ከሹፌሩ ጋር። ያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ጭቅጭቅ ነው፣ ድምፅ ከፍ ብሏል፣ ፊት ተኮሳትሯል። "አባውት" ወይም "ኦቨር" ከመጣ የጭቅጭቁ ምክንያት ነው። በገንዘብ፣ በመሬት፣ በወንበር። ከኋላው "ዛት" ከመጣ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ሙሉ ሐሳብ ነው። ያ ሰው አንድ ነገር አምኗል። ያመነበትን በምክንያት እየደገፈ እያቀረበ ነው። እዚያ ጋ የተጣላ ሰው አትፈልጊ። "ፎር" ከሆነ ደግፎ፣ "አጌንስት" ከሆነ ተቃውሞ ነው፤ ሁለቱም ከ"ዛት" ቤተሰብ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጆቻችን የሚሳሳቱት ስለማያነቡ ብቻ አይመስለኝም። የራሳችን ቋንቋ ነው የሚስባቸው። ተከራከረ፣ ተሟገተ፣ ተጨቃጨቀ፣ ተነታረከ፣ ተወዛገበ በይ እስኪ። ሁሉም በ"ተ" ይጀምራሉ። ይህች "ተ" እዚህ ላይ እርስ በርስ የምትል ናት። ሁለት ሰው ትፈልጋለች። "ወንድሜ ተከራከረ" ብትዪኝ ወዲያው "ከማን ጋር?" ብዬ እጠይቅሻለሁ። ብቻውን የሚከራከር ሰው አማርኛችን አያውቅም።

እንግሊዝኛው ግን ያውቃል። አንድ ሰው በሩን ዘግቶ፣ ብቻውን ወረቀትና ብዕር ይዞ "አርጊው" ያደርጋል። ከፊቱ ማንም የለም። አንድ አቋምና ምክንያቶቹ ብቻ ናቸው ያሉት። ወንድምሽ "አርጊውስ"ን ሲያይ በልቡ ወደ "ተከራከረ" ወሰደው። "ተከራከረ" ደግሞ ባላጋራ አምጣ አለው። በምንባቡ ውስጥ ያሉት ሰዎች ገበሬዎቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ገበሬዎቹን ባላጋራ አደረጋቸው። ልጁ አስቧል ማለት ነው እኮ።

ሰሚራ_ቆጪ · ሰኞ ማታ 3፡41

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። የ"ተ" ነገር በሕይወቴ አስቤው አላውቅም። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ግሦቹን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። እውነትም ሁሉም ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ለወንድሜ አሁኑኑ አነብለታለሁ።

ቡና_አቅራቢ · ሰኞ ማታ 4፡05

እኔ እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ገበያ ላይ ዋጋ እንከራከራለን። "ተከራክሬ በቅናሽ ገዛሁት" እንላለን። አንድ ጊዜ አንድ የውጭ አገር ሰው ቡና ሊያይ መጥቶ ነበር። ኪሎውን በስንት እንደገዛሁት ጠየቀኝ። "አይ አርጊውድ ዊዝ ዘ ፋርመር" አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ከገበሬው ጋር የተደባደብኩ መሰለው። አስተርጓሚው ነው ያዳነኝ። ለካ ለዋጋ ሌላ ቃል አላቸው።

ጡረተኛው_መምህር · ሰኞ ማታ 4፡18

ጎሽ ወንድሜ! ይህን ረስቼው ነበር። ለዋጋ "ባርጌን" ነው፣ ወይም "ሃግል"። "ሃግል" በትንሽ በትንሹ እየቀነሱ እየጨመሩ መከራከር ነው። "አርጊው" ዋጋ አያወርድም። የእኛ "ተከራከረ" ግን ከፍርድ ቤት እስከ መርካቶ ድረስ ያለውን ሁሉ ይሸከማል። ሸሚዝም በእሱ እንገዛለን፣ መሬትም በእሱ እናስመልሳለን። አንዱ የአማርኛ ቃል ሦስት አራት የእንግሊዝኛ ቃል ሲይዝ ተማሪ መቸገሩ አይቀርም።

ፋና_ዘ_ጅማ · ሰኞ ማታ 4፡40

የእኔ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ወረዳ ወጥተን ከአርሶ አደሮች ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ተነጋገርን። ጥሩ ስብሰባ ነበር። ሰዎቹ ሐሳባቸውን ሰጡ፣ እኛም ሰጠን፣ ቡና ጠጥተን ተለያየን። ማታ ሪፖርት ጻፍኩ። "ዊ አርጊውድ ዊዝ ፋርመርስ ፎር ቱ አወርስ" ብዬ።

በነጋታው አለቃዬ ጠራችኝ። ምን ተፈጠረ? ማን ጀመረው? ሽማግሌ ያስፈልጋል ወይ? ብላ ጠየቀችኝ። ምን እንደምትል አልገባኝም። ወረቀቱን አሳየችኝ። እኔ "ተከራከርን" ማለቴ ሞቅ ያለ ውይይት ማለቴ ነበር። እሷ ያነበበችው ሁለት ሰዓት የፈጀ ጭቅጭቅ ነው። ያን ቀን በጣም አፍሬ ወጣሁ። ማንም የነገረኝ አልነበረም።

አሁን "ዲስከስ" ነው የምጽፈው። እሱም የራሱ ወጥመድ አለው። እኛ "ስለ" ማለት ስለለመድን "ዲስከስ አባውት" እንላለን። ትክክለኛው ያለ "አባውት" ነው። "አርጊው" ግን "አባውት" ይወስዳል። እህቴ ሰሚራ፣ ይህንንም ለልጁ ንገሪው።

ጠበቃ_በጅማ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

መምህር ያሉትን በሙያዬ በኩል ላጠናክር።

እኔ በየቀኑ የምከራከር ሰው ነኝ። ፍርድ ቤት ከጠዋት እስከ ቀትር ከባልደረባዬ ጋር ተከራክረን፣ ወጥተን አንድ ጀበና ቡና ለሁለት እንጠጣለን። ጠብ የለም። የሚከራከሩት ጉዳዮቹ ናቸው፣ እኛ አፋቸው ነን። እስከ ዛሬ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1958 ዓ.ም የወጣ ነው። በእሱ መሠረት ከሳሽ አቤቱታውን ያቀርባል። ተከሳሽ መልሱን ይሰጣል። ዳኛው የተለያዩበትን ነጥብ ለይቶ ጭብጥ ይይዛል። ከዚያ ማስረጃ ይሰማል። የዚህ ሁሉ ስሙ ክርክር ነው። ጩኸት ካለ ዳኛው ያስቆመዋል።

ስለዚህ "ክርክር"ን ከጭቅጭቅ ጋር አንድ ቤት ማስገባት ለአማርኛውም አይገባም። መዝገበ ቃላቱ "ተከራከረ፣ ተጨቃጨቀ" ብሎ ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው ጥፋቱ። ሁለቱ በነጠላ ሰረዝ የሚለያዩ ቃላት አይደሉም።

ሌላም አለ። በእንግሊዝኛ "አርጊው ኤ ኬስ" ይባላል። ያለ "ዊዝ"፣ ያለ "አባውት"፣ በቀጥታ። ጉዳይን መከራከር። ከኋላው "ኬስ" ወይም "ፖይንት" በቀጥታ ከመጣ ይህም ከ"ዛት" ወገን ነው።

ልብወለድ_አንባቢ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡02

ሰሚራ ለጠየቀችው የአማርኛ ቃል "ይሞግታል" ይሻላል እላለሁ። ጋዜጣና መጽሔት ላይ እየተለመደ ነው። "ጸሐፊው የጥላ ዛፍ መቆረጥ የለበትም ሲል ይሞግታል" በሉት። ልብ ብላችሁ እዩት፣ "ተ" የለችበትም። "ይሟገታል" አላልኩም። "ይሞግታል" ነው ያልኩት። ባላጋራ ሳይቀመጥ ብቻውን ይቆማል። መምህር ያነሱትን ችግር ይፈታዋል ብዬ አምናለሁ።

ጠበቃ_በጅማ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡20

ሐሳቡ ደስ ይላል ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። "ሞገተ" ሰው ነው የሚፈልገው። "ሞገተው" እንላለን። በነገር ያዘው፣ አፋጠጠው ማለት ነው። "ጠበቃው ምስክሩን ሞገተው" ስል ምስክሩ ፊት ለፊት ቆሟል። "ሲል ይሞግታል" የሚለው ቅርብ ጊዜ የመጣ አጠቃቀም ይመስለኛል፣ ገና ጆሮዬን አልለመደውም።

ልብወለድ_አንባቢ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡33

ጆሮ ይለምዳል ወዳጄ። ቋንቋ የጎደለውን የሚሞላው እንዲህ ነው። የጎደለን ደግሞ በትክክል ይህ ነው። ብቻውን ሆኖ ለአንድ ሐሳብ ምክንያት የሚደረድር ሰው በአንድ ግሥ ምን እያደረገ ነው እንበለው? "ይላል" ብንል ቀለለ። "ይከራከራል" ብንል ሰው ፈለገ። "ያስረዳል" ብንል ነገሩ ያለቀለት እውነት መሰለ፣ ጸሐፊው ግን ያለቀለት ነገር አላመጣም፣ ሌላ ሰው ሊቃወመው ይችላል። "ይሞግታል" በመሀል ቆሟል።

ጡረተኛው_መምህር · ማክሰኞ ጠዋት 3፡10

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ለመጻፍ "ይሞግታል"ን እቀበላለሁ። እኔም ከአሁን በኋላ እጠቀምበታለሁ። ለ12ኛ ክፍል ልጅ ግን ከቃል ይልቅ መፈተኛ ልስጠው።

በ"አርጊውስ ዛት" ቦታ "ምክንያት እየሰጠ እንዲህ ይላል" ብሎ ይተካ። ዓረፍተ ነገሩ ከሄደ ያ ነው። "ጸሐፊው ምክንያት እየሰጠ የጥላ ዛፍ አይቆረጥ ይላል።" ሄደ። አሁን "አሊ ከወንድሙ ጋር በብስክሌት ምክንያት አርጊው አደረገ" በሚለው ይሞክረው። "አሊ ምክንያት እየሰጠ ከወንድሙ ጋር በብስክሌት ይላል" አይሆንም። ስለዚህ ጭቅጭቅ ነው።

"ምክንያት እየሰጠ" የሚለውን እንዳይጥለው አደራ። እሷ ናት "አርጊው"ን ከሌሎቹ የምትለየው። ፈተና ላይ "ስቴት"፣ "ክሌም" እና "አርጊው" ጎን ለጎን ይመጣሉ። "ስቴት" ተናገረ፣ ገለጸ ነው። "ክሌም" እንዲህ ነው አለ ነው፣ ማስረጃ ይስጥ አይስጥ አልታወቀም፣ አንዳንዴ ያለው ሰው እንዳልታመነም ይጠቁማል። "አርጊው" ግን ምክንያት አስከትሎ ነው የሚመጣው። ምንባቡ ውስጥ "ምክንያቱም" የሚል መንፈስ ካለ "አርጊው" ነው።

ጅሬን_ሰፈር · ማክሰኞ ቀን 6፡25

አሰላሙ አለይኩም። አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ከዚያ በኩል ላምጣ።

እኛ "ፈልሙ" እንላለን። መከራከር ነው። ክርክሩ ደግሞ "ፈልሚ"። "ሚርጋ ፈልመቹ" ሲባል ስለ መብት መቆም፣ ለመብት መከራከር ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለም፣ ስድብ የለም። እንዲያውም የሚከበር ነገር ነው። መቃወም ሲሆን "ሞርሙ" አለ። መጣላት ሲሆን ደግሞ "ዋል ሎሉ" አለ። ሦስቱ አይምታቱም። እኔ "አርጊው ፎር"ን የተረዳሁት በ"ፈልሙ" በኩል ነው። በአማርኛ ሞክሬ አልገባ ያለኝ በአፋን ኦሮሞ ሳስበው ገባኝ። የሰሚራ ወንድም ጅማ ያደገ ልጅ ከሆነ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። በቀረበው በኩል ይግባ።

ሰሚራ_ቆጪ · ማክሰኞ ቀን 6፡50

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። እናታችን በቤት የምታናግረን በአፋን ኦሮሞ ነው! እንዴት አላሰብኩትም። ማታ በዚህ በኩል እሞክራለሁ። አላህ ይስጥህ።

ናቲ_አጂፕ · ማክሰኞ ቀን 7፡15

እሺ አጭር መልስ ሰጥቼ ስለነበር አሁን የማውቀውን ላካፍል። ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምማረው። ፕሮግራሚንግ ውስጥ "አርጊውመንት" የሚባል ነገር አለ። አንደኛ ዓመት ላይ ግራ ገብቶን ነበር። ኮዱ ከማን ጋር ነው የሚጨቃጨቀው? ብለን መምህሩን ጠይቀናል። ፋንክሽን አንድ ሥራ እንዲሠራ የተጻፈ የኮድ ክፍል ነው። እሱን ስትጠራ የምታቀብለው ዋጋ ነው "አርጊውመንት"። ፋንክሽኑን ስትጽፍ የምትሰጠው የቦታ ስም "ፓራሜትር" ነው። ደምር የሚል ፋንክሽን ካለህ 3 እና 5 አርጊውመንቶቹ ናቸው። ሒሳብም ላይ እንደዚያው ነው። እዚያ ጠብም የለም፣ ክርክርም የለም። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንዳይደናገር ብዬ ነው።

አቦል_ቶና · ማክሰኞ ማታ 1፡30

"አርጊዋብሊ"ስ? ይህ ቃል ሁልጊዜ ያምታታኛል። "አርጊዋብሊ ዘ ቤስት ኮፊ" ሲሉ አጠራጣሪ ቡና ማለታቸው ነው?

ጡረተኛው_መምህር · ማክሰኞ ማታ 1፡52

አይደለም፣ ወደ ምስጋናው ያደላል። "ምርጥ ነው ቢባል ያስኬዳል" ማለት ነው። ተናጋሪው ምርጥ ነው ብሎ ያምናል፣ ግን ሌላ ሰው ሌላ ሊል እንደሚችል ያውቃል። በር ክፍት ይተዋል። ወደ ጥርጣሬ የሚያደላው "አርጊዋብል" የሚለው ቅጽል ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። "ዛት ኢዝ አርጊዋብል" ሲሉሽ አብዛኛውን ጊዜ "እሱ እንኳን ያከራክራል" እያሉሽ ነው። ከኋላው "ዛት" ሲከተለው ግን ተመልሶ "ነው ማለት ይቻላል" ይሆናል። አየሽ፣ እዚህም "ዛት" መጥታ ነገሩን አረጋጋችው።

ቡና_አቅራቢ · ማክሰኞ ማታ 2፡05

ስለ ቡና ካነሳችሁማ የ"አርጊው" ጥሩ ምሳሌ እኛው ጋ አለ። የጎማ ወረዳ ሰው ቡና የተገኘው ጮጬ ነው ይላል። የከፋ ሰው ማንኪራ ነው ይላል። እኔ እናቴ በከፋ በኩል ናት፣ አባቴ ደግሞ የአጋሮ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ ይህ ወሬ ተነስቶ አያልቅም።

ቦንጋ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡11

ማንኪራ ነው። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቦንጋ የተሠራው እኮ ያለ ነገር አይደለም።

ጅሬን_ሰፈር · ማክሰኞ ማታ 2፡14

ጮጬ ሄደህ ሽማግሌዎቹን አነጋግረሃል? ፍየል ጠባቂው የማን ልጅ እንደሆነ ይነግሩሃል።

ሰሚራ_ቆጪ · ማክሰኞ ማታ 2፡20

ወንድሞቼ፣ እባካችሁ የቡናውን ጉዳይ ሌላ ቦታ ከፍታችሁ ተነጋገሩበት። ግን አንድ ነገር ላውጣበት። "ዘ ፒፕል ኦፍ ጮጬ አርጊው ዛት ቡና የተገኘው እዚያ ነው" ብል ትክክል ነው አይደል? እናንተ ሁለታችሁ አሁን የጀመራችሁት ደግሞ "አርጊው ዊዝ" ነው።

ጡረተኛው_መምህር · ማክሰኞ ማታ 2፡31

ትክክል ነው። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እኔም አላገኝም። ያንኑ አንድ ጉዳይ በሁለቱም መንገድ አሳየሽው።

ስለ ሌሎቹ የጠብ ቃላትም በአጭሩ። "ቢከር" የእኛ ንትርክ ነው፣ በጥቃቅን ነገር፣ ባልና ሚስት ስለ በር አዘጋግ እንደሚነታረኩት። "ስኳብል" የልጆች ጠብ ይመስላል። "ኳረል" ከ"አርጊው" ከፍ ይላል፣ የተኳረፉ ሰዎች አሉበት። "ዲቤት" ሥርዓት ያለው ክርክር ነው፣ መድረክ፣ ሰዓት፣ ሁለት ወገን።

ፋና_ዘ_ጅማ · ማክሰኞ ማታ 2፡45

አነባበቡንም ንገሩልኝ። ብዙ ልጆች "አርግ" ብለው ያነቡታል።

ጡረተኛው_መምህር · ማክሰኞ ማታ 3፡00

ልክ ነሽ። ምክንያቱ "ሊግ" እና "ታንግ" ናቸው። በእነዚያ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ፊደሎች አይነበቡም። በ"አርጊው" ግን ይነበባሉ፣ እንደ "ቫልዩ" እና "ሬስኪው"። አጻጻፉ ላይ ደግሞ "አርጊውመንት" ሲሆን የመጨረሻዋ "ኢ" ትወድቃለች። በ31 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ እንዳወጣኋት።

አሁን አንድ የምወደውን ነገር ልናገርና እረፍት ልውሰድ። "አርጊው" ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከ700 ዓመት ገደማ በፊት በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ሥሩ ላቲን ነው፣ "አርጉዌሬ"። ትርጉሙ ግልጽ ማድረግ፣ ማሳየት፣ ማረጋገጥ ነው። መክሰስ፣ መውቀስም ነበረበት። የቋንቋ አጥኚዎች ከዚህም ወደ ኋላ ሄደው፣ ነጭና የሚያበራ ከሚል ጥንታዊ ሥር ጋር ያያይዙታል። ከዚያው ሥር "አርጀንቱም" መጣ፣ የብር ስም። ወንድምሽ ኬሚስትሪ ላይ ብርን "ኤጂ" ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው። አርጀንቲናም ስሟን ያገኘችው ከብር ነው።

ተማሪዎቼን "ነገሩን እንደ ብር አብርቶ ማሳየት" በሉት እላቸው ነበር። ጠቡ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው።

ዲያቆን_ነበርኩ · ማክሰኞ ማታ 3፡25

መምህር፣ ይህን ሳነብ የግዕዙ ትዝ አለኝ። በግዕዝ "ተዋቀሠ" ማለት ተሟገተ፣ በፍርድ ፊት ቆመ ማለት ነው። በአማርኛ "ወቀሰ" የምንለው ከዚያ ጋር ይዛመዳል። የላቲኑ ቃልም ሙግትና ወቀሳን አብሮ ይዟል ብለዋል። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች በአንድ መንገድ መሄዳቸው ገረመኝ። የድሮ ተሟጋቾች በዛፍ ሥር ችሎት ቆመው "ተጠየቅ" ሲባባሉ ነገር በምሳሌ፣ በቅኔ ነበር። አባቶቻችን ሙግትን እንደ ጥበብ ነው የያዙት። እኛ ነን ከጭቅጭቅ ጋር የቀላቀልነው።

ጠበቃ_በጅማ · ማክሰኞ ማታ 3፡40

ይህን የመጨረሻውን ለባልደረቦቼ አነብላቸዋለሁ። አመሰግናለሁ።

ሰሚራ_ቆጪ · ሐሙስ ማታ 2፡50

ተመለስኩ። ሁለት ማታ ሙሉ ሠራንበት።

መጀመሪያ "ፈልሙ"ን ነገርኩት። ወዲያው ገባው። ከዚያ የመምህርን መፈተኛ ሰጠሁት። 12 ዓረፍተ ነገር አውጥቼለት 11ዱን አገኘ። የተሳሳተው "አርጊውድ ሂም ኢንቱ ጎዪንግ" የሚለውን ነው። እኔም አላወቅኩትም ነበር፣ ፈልገን አገኘነው። አሳምኖ እንዲሄድ አደረገው ማለት ነው። በ"አውት ኦፍ" ሲሆን ደግሞ አሳምኖ አስቀረው።

አሁን እሱ ራሱ ጥያቄ ይዞ መጣ። ሌላ ምንባብ ላይ "ዘ ኢቪደንስ አርጊውስ አጌንስት" የሚል አገኘ። "ማስረጃ ሰው አይደለም። አፍ የለውም። እንዴት ይሞግታል?" አለኝ። መልሱን አላገኘሁለትም።

ጡረተኛው_መምህር · ሐሙስ ማታ 3፡15

እዚህ ድረስ ከመጣ ልጁን ሳሚልኝ።

ያቺ የጥንቷ ትርጉም ናት፣ እንደ ብር የምታበራዋ። "አርጊው" ሰው ሳይኖርበት ማሳየት፣ ማመልከት ይሆናል። ጥንት የሰውየው ልብስ ድህነቱን "አርጊው" ያደርጋል ይሉ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ከ"አጌንስት" ወይም ከ"ፎር" ጋር ነው የሚገኘው። ማስረጃው ወደዚያ አያመለክትም፣ ማስረጃው ይቃወመዋል እንደ ማለት ነው። በአማርኛ አንድ ጥሩ ቃል አለን። በራሱ አስቦ ያምጣው። አትንገሪው።

ሰሚራ_ቆጪ · ሐሙስ ማታ 3፡58

መምህር፣ አመጣው! ትንሽ አሰበና ጫማውን አየ። ዛሬ ከሰዓት ዝናብ ነበር፣ ከጅሬን በእግሩ ነው የመጣው። "ጫማዬ ያስታውቃል" አለ።

ጡረተኛው_መምህር · ሐሙስ ማታ 4፡02

ያስታውቃል። ይኼው ነው።